አባባ የሰበሩት መስኮት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለዩኑስ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። የሐዋሳ ሐይቅን ያህል የሰፋ ናፍቆቴ ይድረስህ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን።

አባባ ትንፋሽ ስላጠራቸው የመናኸሪያውን የበርበሬ ወፍጯችንን ዘጋነው። የአባባ ቁጣ ግን እንዳለ ነው። ትናንት "አየር ከለከላችሁኝ!" ብለው የሳሎኑን መስኮት በዱላ አደቀቁት። ሐኪሙ እኮ "አየሩስ ይገባል፤ ሳንባዎ ስለላላ አሮጌው አልወጣ ብሎ ነው አዲሱ ቦታ ያጣው" ብሏቸው ነበር። ልይዛቸው ስል ክንዴን መቱኝ፤ ያኔ አንተን በፈነከቱበት በዚያው ዱላ። ሊደግሙኝ ሲያነሡት እጃቸው አየር ላይ ቀረ፤ ትንፋሻቸውን ለማውጣት እንደሚያፏጭ ሰው ከንፈራቸውን አሹለው ግድግዳውን ተደገፉ።

ለክንዴ አታስብ። ያንተ ግንባር ዛሬም ጠባሳ አለበት፤ የኔ ክንድ እንኳን ሊያብጥ አልቀላም።

ለኢድ እመጣለሁ ያልከውን ቀደም አድርገው። አላህ በደህና ያገናኘን።

እህትህ አስማ