ያልጾምሁት ጾም

ማክሰኞ

ተጠባባቂ! እኔ! ኮች ዛሬ ልምምድ ላይ ለእሁዱ ጨዋታ ቋሚዎች ቢጫ ሰደርያ ሲያድል፣ እኔ ጋ ሲደርስ ዘለለኝና ለክንፍ ተጫዋቹ ሰጠው። አጥቂው እኔ ሆኜ ሳለሁ! ለምን ብዬ ጠየቅሁት። አልተቆጣም፤ ጭራሽ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ይበልጣል፣ ጾምህን አከብርልሃለሁ። ግን በባዶ ሆዱ ከተከላካይ ጋር የሚታገል አጥቂ አልፈልግም። ከፋሲካ በኋላ እናያለን።"

ከፋሲካ በኋላ ምን ሊያይ ነው? እሁድ የመጨረሻ ጨዋታችን ነው፤ ካላሸነፍን ከሊጉ ወረድን። የእኔም ውል ዓመቱ ሲያልቅ ያልቃል። ሠላሳ የደፈነ፣ ይህን ያህል ጊዜ ጎል ያላገባ አጥቂ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ይህ አይደለም። የሚያቃጥለኝ እየጾምሁ አለመሆኔ ነው!

የቅበላ ሰሞን ልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ራሴን አዞረኝና ሐኪም ቤት ሄድሁ። ደም ማነስ ነው ተባልሁ። ሐኪሟ እንቁላል፣ ጉበት፣ ዓሣ አዘዘችልኝ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኋቸው። "ታማሚ መድኃኒቱን ይውሰድ፤ ስትድን ትጾማለህ" ብለው ፈቀዱልኝ። "ነገር ግን በስውር ይሁን። የመሪጌታ ልጅ ነህ፤ አይቶህ የሚሰናከል አይጥፋ።" እሺ አልሁ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከካምፑ ቁርስ ላይ እጠፋና ፋሲሎ ሰፈር አንዲት ምግብ ቤት ጓዳ ገብቼ እንቁላሌን እበላለሁ። ምሳ ላይ ከጾመኞቹ ጋር ቁጭ ብዬ ሽሮ። ኮች ያየው ሽሮውን ነው።

ረቡዕ

አብሮኝ የሚያድረው ሀብታሙ፣ በረኛችን፣ "ለምን ለኮች አትነግረውም?" ይለኛል። ምን ብዬ? ታምሜ ነበር ካልሁት በሽተኛ ብሎ ያስቀምጠኛል። ደሜ መመለሱን ሐኪሟ ነግራኛለች፤ ብቻ እስከ ፋሲካ ምግቡን አታቋርጥ ብላለች። ይህን ሁሉ ለኮች ማስረዳት! ለእሱ የተነገረ ነገር ምሳ ሳይደርስ ካምፑን ያዳርሳል፤ ሳይመሽ ደግሞ ሐይቁን ተሻግሮ ቁንዝላ አባቴ ጆሮ ይገባል። አባቴ እዚያ ደብር መሪጌታ ናቸው። ስለ ሕመሜ ምንም አያውቁም።

ዛሬ ከተጠባባቂዎቹ ጋር ተሰልፌ በንዴት ብቻ ሁለት አገባሁ። ሁለቱንም ሀብታሙ ላይ፤ እስካሁን አኩርፎኛል። ኮች አጨበጨበና ምን ቢል ጥሩ ነው? "እየጾመ እንዲህ ከሆነ፣ ሲፈስክ ምን ሊሆን ነው!" ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። 

ሐሙስ

ጉድ ሆንሁ። በንዴት ጥንቃቄዬን ረሳሁት። ከልምምድ በኋላ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ ልበላ ሄድሁ። ውስጥ ይሞቃል፤ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ነፋስ እየነካኝ ልብላ ብዬ ደጅ፣ ዋርካው ሥር ተቀመጥሁ። ባለቤቲቱ "ወንድሜ፣ ውስጥ አይሻልህም?" ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።

ማታ የደጋፊዎቹ ቴሌግራም ላይ ፎቶዬ ወጣ፤ ከነዓሣው። ከሥሩ "ጎል የጠፋበት ምክንያት ተገኘ" ይላል። የተከተለውን ስድብ እዚህ አልደግመውም። "የመሪጌታ ልጅ፣ በሁዳዴ!" ያለ አለ። ቡድኑ የሚወርደው በእኔ ኃጢአት እንደሆነ የጻፈም አለ። ለመሆኑ ፎቶውን ያነሳው ሰውዬ ዓሣ ቤት ምን ሊሠራ መጣ? ይህን የጠየቀ አንድ ሰው የለም!

ዓርብ

ከሜዳው አጥር ውጭ ቆመው "ዓሣ! ዓሣ!" ይሉኛል። ባለፈው ዓመት ትከሻቸው ላይ ያዞሩኝ ሰዎች ናቸው። ካልሲዬን እየሳብሁ ያልሰማሁ መሰልሁ።

ኮች ጠራኝ። አሁንስ ይገባዋል ብዬ ሁሉንም አፈረጥሁት፤ ደሙን፣ ሐኪሟን፣ የንስሐ አባቴን። ሰምቶ ሰምቶ "እኔ አምንሃለሁ" አለኝ። "ግን ደጋፊው ተቀይሞሃል። አንተን ሳስገባ ስታዲየሙ ቢረበሽስ?"

ማክሰኞ ስለጾምሁ ወንበር ላይ። ዓርብ ስለበላሁ ወንበር ላይ። እስቲ ሰው ይፍረደኝ! ኳስ መምታት አልችልም ብሎ ቢያስቀምጠኝ እኮ ዋጥ አደርገው ነበር።

ማታ አባቴ ደወሉ። የአብነት ተማሪዎቻቸው ስልክ አላቸው፤ ፎቶውን አሳይተዋቸዋል። "ነገ በጀልባ እመጣለሁ" ብለው ዘጉት። እንዴት ነህ እንኳ አላሉኝም።

ቅዳሜ

ወደቡ ላይ ከረፋዱ ጀምሬ ቆምሁ። ከጀልባው ሲወርዱ ጉልበታቸውን ስሜ እጃቸውን ያዝሁ። ፊታቸው ጠቁሯል። ጥቂት ከሄድን በኋላ ቆሙ።

"በላህ?"

"በላሁ፣ አባባ።"

"ማን ፈቀደልህ?"

"የንስሐ አባቴ። ሐኪም ደሜ አነሰ ስላለች።"

"እንግዲያ ምን ያስፈራሃል? ሥርዓቱን አድርሰሃል።" ድምፃቸው ከፍ አለ፤ መንገደኛው ዞር ዞር አለ። "እኔን ያነደደኝ ዓሣው መሰለህ? ሕመምህን ደብቀኸኝ የልጄን ወሬ ከተማሪ ስልክ ልስማ? እናትህ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች! እኔ ምንህ ነኝ?"

ሳምንቱን ሙሉ የተናደድሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።  ይቅርታ፣ እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው አልሁ። አላዝንም አላሉም። ብቻ "ኳሱ ስንት ሰዓት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እርስዎ? ስታዲየም? አልሁ። "ምነው፣ መሪጌታ አይገባም ተብሏል?"

እሁድ



አባባ አስቀድሰው መጡ። ጥምጣማቸው ከደጋፊዎቹ ሁሉ መሀል፣ ከዚያው "ዓሣ" ከሚሉት መሀል፣ ከወንበሬ ይታየኛል። ጨዋታው ተጀመረ። ክንፍ ተጫዋቹ መሀል ገብቶ ሁለት ግልጽ ኳስ አመከነ። ከእረፍት በኋላም ዜሮ ለዜሮ ነን። ሀብታሙ አንዷን በጣቱ ጫፍ አውጥቶ አተረፈን።

ከዚያ ከአባባ ወገን ጩኸት ተነሳ። ዓሣ የሚሉ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። "ይበልጣል ይግባ!" ነው የሚሉት! በኋላ እንደሰማሁት አባባ መቋሚያቸውን ይዘው ብድግ ብለው "ልጄን የሚሰድበው የቱ ነው? የበላው ታሞ ነው፤ የንስሐ አባቱ ፈቅደውለታል፤ ከእናንተ ውስጥ ፈቃጅ ማነው?" አሏቸው። ያኔ ነው ስሜን መጥራት የጀመሩት። ኮች ወደ ደጋፊው አየ፤ ወደ እኔ አየ። "ተነስ፣ አሟሙቅ" አለኝ።

ከገባሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጎሏ በማዕዘን ምት መጣች። ሁሉም ወደ ግቡ ሮጠ። እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረሁ፤ ተከላካዩ ኳሷን ሲያይ እኔን እንደረሳኝ አይቻለሁ። ተገጭታ ስትመለስ በደረቴ አበረድሁና መሬት ሳትነካ በግራዬ። መረቡ ሲነሳ ብቻ ነው ያየሁት። አንድ ለዜሮ። አልወረድንም!

ሰኞ

ደግሞ ሌላ ንዴት! ቴሌግራሙ "የመሪጌታው ጸሎት ጎል አስቆጠረ" ይላል። ዓርብ ዓሣ ያሉኝ ሰዎች ዛሬ የአባባን ፎቶ ለጥፈው "ይባርኩን" ይላሉ። ኮችም ቁርስ ላይ "የአባትህ ጸሎት ባይኖር ጉዳችን ነበር" አለኝ። ስለ ውሌ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ወደ ኋላ የቀረሁት እኔ! በደረት ያበረድሁት እኔ! ለዚያች አንዲት እርምጃ ስንት ዓመት ነው የሮጥሁት? ሳላገባ ኃጢአቱ የእኔ፤ ሳገባ ጎሉ የጸሎት።

ለመሸኘት ወደቡ ድረስ ስንሄድ አባባ ዝም አሉ። አሁንም ያዘኑብኝ መስሎኝ ተጨነቅሁ። መጨረሻ ላይ አላስችል አለኝና "እርስዎም ጸሎቴ ነው ይላሉ?" አልኋቸው።

አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፃቸው ግን የለም። ተዘግቷል። ወደ ጆሮዬ ተጠግተው በሹክሹክታ "ምን ጸሎት ልጄ፣ መች ጸለይሁ? ስጮህ ነበር እንጂ!" አሉኝ። "ዛሬ ማኅሌት በምን ድምፅ ልቆም ነው?"

ጀልባው ሲነሳ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉልኝ። እስካሁን ጎሉን ለእኔ የሰጡኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።