የሮቤል ቀይ ፍሬን

ሰኞ

ቀይ! ሮቤል ፍሬኑን ቀይ ቀብቶታል። ካፌው በር ላይ መኪናውን ሲያቆም በቸርኬው ክፍተት ቁልጭ ብሎ ታየ። ሙሌ ማኪያቶውን ትቶ ተነሳና ጎማው ሥር ቁጢጥ ብሎ አየለት። «ወንድሜ፣ አንተ እኮ ሌላ ነህ!» አለው። እኔን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን አድገን።

እሁድ ሙሌ ያገባል። እኔም ሮቤልም ሚዜ መሆናችን ተነግሮናል፤ አንደኛው ማን እንደሆነ ግን ሙሌ እስካሁን ትንፍሽ አላለም። አንደኛ ሚዜ ከሙሽራው ጎን ይቆማል፣ ቀለበቱን ይይዛል፣ መኪናው ከፊት ሆና አጀቡን እስከ ቢሾፍቱ ሐይቅ ትመራለች። ቦታው የእኔ ነው። ሮቤልን ሙሌ ያወቀው መሥሪያ ቤት ነው፤ የትናንት ሰው። ቀንቻለሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ቤት ስገባ የእኔን ዲኤክስ ጎንበስ ብዬ አየኋት። የአባቴ መኪና ናት። የነዳጅ ሰልፍ ሰልችቶኝ ቆማ ስለከረመች ፍሬኗ ሁሉ ዝጓል።

ማክሰኞ

ቀለም ሱቅ ሄድኩ። ትናንት ሮቤል ሂሳብ ሲከፍል ጎማውን በስልኬ ተደብቄ ፎቶ አንስቼው ነበር። (አዎ፣ እዚህ ደርሻለሁ።) ባለሱቁ «አካም ጂርታ» ብሎ ተቀበለኝና ፎቶውን አጉልቶ አየ። «ይሄማ በቀደም አንድ ልጅ የወሰደው ነው፤ አንድ ጣሳ ቀርቶኛል» አለኝ።

የሮቤልን ትራፊ ገዛሁ ማለት ነው።

ሙቀት የሚችል ቀይ ስፕሬይ። የሽቦ ብሩሽ። ብርጭቆ ወረቀት። ፕላስተር። ቲነር እቤት አለኝ።

ረቡዕ

ከሥራ ቀረሁ። «አሞኛል» አልኳቸው፤ ቅናትም በሽታ ነው።

መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ከሥር ድንጋይ ደገፍኩ። የፊት ጎማው ሲወጣ ካሊፐሩ፣ ያ የፍሬን ሸራውን ጨብጦ የሚይዘው ብረት፣ ከቆላ አፈር ተቆፍሮ የወጣ ይመስላል። በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩት። ክንዴ ዛለ፣ አፍንጫዬ ዝገት ሞላ። ዲስኩን በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍኜ ቀባሁ። አማረ! ሙሌ ቁጢጥ ብሎ ሲያየው ታየኝ።

ከዚያ የአዳማ ነፋስ ተነሳ። አቧራው እርጥቡ ቀለም ላይ ተለጠፈ፤ ስፕሬዩ ደግሞ ገመድ ላይ የተሰጣው የጎረቤቴ የእትዬ ዘይነባ ነጭ ሻርፕ ላይ አረፈ። ሻርፑን ይዘው መጡ።

«ምነው ልጄ፣ በግ አረድክ እንዴ?»

አዲስ እንደምገዛላቸው ነገርኳቸው። «ሻርፑስ ይቅር። ይሄ ሁሉ ልፋት ለማን ነው?» አሉኝ።

ሐሙስ

ዛሬ የኋላው። ታምቡሩ፣ የኋላውን ፍሬን የሚከድነው ክብ ብረት፣ አልወጣ ብሎ በመዶሻ ስቀጠቅጠው አረፈድኩ፣ በመጨረሻ ወጣ። ውስጡ፣ ሸራው የሚያርፍበት ፊት፣ ከውጭው ብሶ ዝጓል። ግማሽ ሥራ አልወድም፤ ዝገቱ እንዳይመለስ ውስጡንም ደጋግሜ ቀባሁት። የሌላውንም እንዲሁ። ሮቤል ውስጡን ድረስ መቀባቱን እጠራጠራለሁ።

ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ዓርብ

ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

ልሞክራት ወጣሁ። ፍሬን ስረግጥ የፊቱ ብቻ ያዘ፤ ከኋላ የተቃጠለ ቀለም ሸተተኝ። ሰፈራችን ቁልቁለት ላይ በእጅ ፍሬን አቁሜያት ስወርድ ቀስ እያለች ጥላኝ ሄደች፣ የእትዬ ዘይነባን ቆርቆሮ አጥር ተደግፋ ቆመች።

«ያ አላህ! ከትናንት ወዲያ ሻርፔን፣ ዛሬ አጥሬን። ቀጥሎ እኔን ነው?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። በዚህ ፍሬን እንኳን አጀብ መምራት፣ ሰርጉ ቤት መድረስም የለ። ለሙሌ ደወልኩ። ሱፍ እየለካ ነበር። «ሮቤልን እልክልሃለሁ፣ እሱ የራሱን ራሱ ነው የሠራው» ብሎ ዘጋው።

ሮቤል መጣ። ታምቡሩን አውጥቶ ውስጡን አየ። ቀዩን አየ፤ የራሱን ቀይ። ሊስቅ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። «ሸራው ባዶውን ብረት ነክቶ ነው የሚይዘው፤ ቀለም ካለ ይንሸራተታል» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍግ ጀመር። እኔም ሌላውን ያዝኩ። በቲነር አጠብናቸው፣ ሸራዎቹንም ላይ ላያቸውን አሻሸናቸው። ይህን ሁሉ ሰዓት ለምን ቀይ እንደመረጥኩ አልጠየቀኝም። ምነው በሳቀብኝ! ቢስቅ ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር።

ሊሄድ ሲል የፊቱን ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄኛውስ ከእኔም ያምራል» አለ። ያንን አቧራ የለበሰውን!

ቅዳሜ

ፍሬኗ ይይዛል። ቁልቁለቱ ላይ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ እትዬ ዘይነባ ከአጥራቸው ራቅ ብለው ቆመው እያዩኝ።

ከሰዓት ሙሌ ደወለ። «ነገ አንደኛ ሚዜዬ አንተ ነህ። ዲኤክሷ ትምራን» አለኝ። መዝለል ቃጣኝ። እሱ ግን አልጨረሰም።

«እውነቱን ልንገርህ፣ ሮቤልን አንደኛ ሁን ብዬው ነበር። እንዳትቀየመኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ትናንት ከአንተ ጋ ሲመለስ 'ለእሱ ስጠው፣ እኔ ሁለተኛ እሆናለሁ' አለኝ። ለምን ብለው አልነግርህም አለኝ።»

ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ቀዩን አይቷል።

«ደስ አላለህም?»

«ብሎኛል» አልኩት። እሺም አልኩ፣ ሳላመነታ። ነገ ጠዋት ቀለበቱን ይሰጠኛል።

ሱፌን ተኮስኩ፣ ጫማዬን ጠረግኩ። ደስ ብሎኛል፣ ውሸት የለውም። እኔ ብሆን ግን ቦታውን አልለቅለትም ነበር።