ላስቲኩ ያልተላጠ የጡንቻ መለኪያ

ለክቡር የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፦

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የአንዲት ሯጭ እናት፣ በሙያዬ ልብስ ሰፊ፣ ከደም ግፊቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ግፊቱም ከእርስዎ ቢሮ ስመለስ ከፍ ይላል እንጂ ሌላ ጊዜ ጸባየኛ ነው።

በምስጋና ልጀምር። ሰው ሜዳ ላይ እየሮጠ ሳለ የጡንቻውን ምልክት የሚያነብ፣ ጭን ላይ የሚታሰር ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ስላስመጡልን እግዜር ይስጥልን። ድሮ ዝግ ክፍል ውስጥ በሽቦ ተተብትበው ይለኩ የነበሩ ልጆች፣ አሁን በፀሐይና በነፋስ መሐል፣ ያውም በካሜራ ፊት ይለካሉ። ጡንቻው ሲሠራ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ይዘላል፣ ሲያርፍ ይተኛል አሉን። እኛም ደስ ብሎን አጨበጨብን።

ቅሬታዎቼ እነሆ፦

አንደኛ፤ በምርቃቱ ዕለት ለማሳያ የተመረጠችው ልጄ ነበረች። ባለሙያው፣ መለኪያው ቆዳ ላይ የሚያርፍበትን ገጽ የሸፈነውን ላስቲክ ሊልጥ ሲል፣ አዲስ ንብረት ላብ አይነካውም ብለው የከለከሉት ክቡርነትዎ ነዎት። ላስቲኩ ካልተነሣ እንደማያነብ ቢነግርዎም ሥራህን ሥራ አሉት፤ እሱም ከነላስቲኩ ጭኗ ላይ በማሰሪያ ጠፈረው። በእርስዎ ዘንድ አዲስ ነገር አይላጥም። የቢሮዎ ወንበር እንኳ እስከ ዛሬ ላስቲኩን እንደለበሰ ነው፤ ስቀመጥበት እየተንኮሻኮሸ አሳፍሮኛል።

ሁለተኛ፤ ልጄ ያ ላስቲክ ጭኗ ላይ እየተንኮሻኮሸ ሮጣ ጓደኞቿን በሙሉ ቀደመች። መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እርስዎም ሳያፍሩ፣ የዚህች ልጅ ጡንቻ አይሠራም ብለው ፈረዱ። የማይሠራ እግር አንደኛ ሲወጣ በዓይንዎ አይተው ስክሪኑን አመኑ! አጥሩን ይዤ ቆሜ ነበርና ፍርድዎን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሦስተኛ፤ በማግስቱ ስሟን ለውድድር ከሚጓዘው ቡድን ሰረዙ። ዓመት ሙሉ ለዚህ ውድድር የለፋች ልጅ፣ ጓደኞቿ ሻንጣ ሲያሰናዱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጭኗን ትደባብሳለች፤ እግሯ እውነት ታሞ እንደሆነም እኔን ትጠይቀኛለች። ጤነኛዋን ልጅ ራሷን መጠራጠር አስተማሯት። ይህን ነው የማልምርዎት።

አራተኛውን ትቼዋለሁ፣ ቁጥር ማብዛት የእናንተ ሙያ ነው። እንደገና ትለካልኝ ብዬ ብመጣ፣ ውጤቱ ታትሞ ማኅተም አርፎበታል አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም በአንድ ቢሮ አገኘኋቸው።

ልመናዬ አንድ ነው፦ ቡድኑ ሳይሄድ፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው መሣሪያ፣ ላስቲኩ ተልጦ ልጄ ትለካ። ያኔም ጡንቻዋ ዝም ካለ፣ እኔው ራሴ እጇን ይዤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ወንበርና የማያረጅ ላስቲክ እየተመኘሁልዎት፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

አንደኛ ወጥታ እግሯ አይሠራም የተባለችው ልጅ እናት

ማስታወሻ፦ መሣሪያው መሥራቱን አስቀድመው ማረጋገጥ ከፈለጉ፣ ከራስዎ ደረት ላይ ያሳስሩት፤ ባለሙያው እንደነገረኝ የልብንም ትርታ ይይዛል። መስመሩ ንቅንቅ ካላለ አይደንግጡ፣ ላስቲኩ ነው። ላስቲኩ ተልጦም ዝም ካለ ግን፣ እኛ ድሮም ጠርጥረን ነበር።