ጨዋው ልጄም ይመጣል

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ መውጣት ቻሉ? የእማዬ ደም ግፊትስ ወረደላት? እኛ ደኅና ነን። ለሰላምታ ያህል አይደለም ደኅና የምለው፤ ልጄ ዛሬ ሰሃኑን ጠራርጎ በልቶ፣ ኳስ ካልገዛሽልኝ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነው የዋለው።

መልእክትዎ በአክስቴ በኩል ደርሶኛል። የሙሽራው ዘመዶች የልጄን ሳል ሰምተው ስለ ዘራችን እንዳያጠያይቁ፣ ለእኅቴ ሠርግ እሱን ለሰው ትቼ ብቻዬን እንድመጣ ብለዋል አሉ። በእኛ ዘር እንዲህ ያለ በሽታ የለም ማለትዎንም ነግራኛለች። አባዬ፣ ተናድጃለሁ። እስኪበርድልኝ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ አልበርድ ሲለኝ ብዕር አነሣሁ።

የልጄ ሐኪም ያስረዳችኝን ልንገርዎ። ሰውነታችን ለዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ ሽፋን ተከቧል። ሽፋኑ ያገኘውን ሁሉ አያሳልፍም፤ ለጨው የራሱ በር አለው። የልጄ የጨው በር ከፍጥረቱ የተበላሸ ነው። ውኃ ደግሞ ጨው የሄደበትን ይከተላል። ሳንባው ውስጥ ጨው ሳይወጣ ሲቀር ውኃውም አብሮ ይቀራል፣ አክታው እንደ ሙጫ ይወፍራል። የሚያስለው ለዚህ ነው። ላቡ ላይ ግልባጩ ነው፤ ወደ ውስጥ መመለስ የነበረበት ጨው ቆዳው ላይ ይቀራል። ገና ሕፃን ሳለ ስስመው ከንፈሬን ጨው ጨው ይለኝ የነበረው ለካ ወዶ አይደለም። እርስዎ ጨዋ ልጅ ውለጂ ብለው መርቀውኝ የለ? ይኸው ምርቃትዎ ደርሷል፤ ከዚህ የበለጠ ጨዋ ከየትም አይመጣም! ቤት ውስጥም የምንጠራው «ጨዋው» እያልን ነው።

ጠዋት ጠዋት የጨው ውኃ በማሽን እንዲተነፍስ አደርጋለሁ፤ ጨው ከውጭ ሲገባለት ውኃው ተስቦ ይወጣና አክታው ይላላል። ከዚያ በደረቱ አስተኝቼ ጀርባውን በመዳፌ መታ መታ አደርጋለሁ። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ልጅ የምደበድብ መስሏት በሬን ልትሰብረው ደርሳ ነበር፤ ዛሬ ዛሬ እኔ ካልመታሁ ትላለች። ከዚያ እሱ ወደ ትምህርት ቤት፣ እኔ የሆቴል አንሶላ ልተኩስ። እንዲህ ያሳደግሁትን ልጅ ነው የምደብቀው?

ስለ ዘር ካነሡማ፣ ይህ በሽታ ከአንድ ወገን ብቻ አይመጣም። ከባለቤቴም ከእኔም ተገናኝቶ ነው። የእኔው ደግሞ ከሰማይ አልወረደም፤ ወይ ከእርስዎ ነው ወይ ከእማዬ። ሰው ሳያመው ይዞት ይኖራል። ነውሩ እሱ አይደለም፤ ነውሩ አያቱ አፈረበት ሲባል ነው። ለእኅቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ ለሙሽራው እሷው ትነግረዋለች።

ስለዚህ ማሽናችንን ይዘን እንመጣለን። ሳሉ ከመጣበት ያስላል፤ የሚጠይቅ ካለ ወደ እኔ ይላኩልኝ።

እማዬን አገላብጠው ይሳሙልኝ። ሙሽራዋን እንኳን ደስ ያለሽ ይበሉልኝ። አክስቴን፣ መልእክቱን ሳትጨምር ሳትቀንስ ካደረሰች፣ አመሰግናታለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘ ከሩቅ እጅ ነሥቷል። ወንድሜንም ሰላም ይበሉልኝና፣ የሠርጉን ወንበር የሚደረድረው እሱ ነውና፣ ከፊት ረድፍ ሁለት ቦታ ይያዝልን። አንድ ብቻ ከተረፈ ልጄ ይቀመጥበታል፤ እኔ ከኋላው እቆማለሁ።

የምትወድዎ ልጅዎ

ከሦስተኛ ፎቅ ቤታችን
እሑድ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን