ጊምባልን ያስሮጡት መምህርት ሮሰንዳ ጉምባን

መምህርት ሮሰንዳ ጉምባን ከአባታቸው ከአሣ አስጋሪው ከአቶ ክሪስፑሎ ጉምባንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤውፌሚያ ታላቦን በፊሊፒንስ፣ በኢሎይሎ፣ በጊምባል ከተማ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1958 ተወለዱ።

በልጅነታቸው አስም ነበረባቸው። ሐኪሙ ከቤት እንዳይወጡ ቢያዝም፣ አባታቸው መረብ ለማውጣት ወደ ባሕር ሲወርዱ እያስከተሉ በአሸዋው ላይ ያስኬዷቸው ነበር። መጀመሪያ ትንሽ ሄደው ይቀመጡ ነበር፤ ዐሥር ዓመት ሲሞላቸው ግን ወንድሞቻቸውን እየቀደሙ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ይደርሱ ጀመር።

የስፖርት መምህርነት ተምረው በ1979 በትውልድ ከተማቸው ሥራ ጀመሩ። ሯጮቻቸውን ዳገት ያስወጡ፣ ያዘልሉ፣ በጊዜ ያስተኙ ነበር። ሉዝቪሚንዳ የምትባል ተማሪ፣ “ቲቸር፣ እኛ እኮ ፍየል አይደለንም!” ብትላቸው፣ “ፍየል ብትሆኚማ ትናንት አንደኛ ትወጪ ነበር፤ ውጪ ዳገቱን!” አሏት። በዓመቱ የክፍለ ሀገሩን ውድድር አሸነፈች።

በ1984 አቶ ኔስቶር ሶላኖን አግብተው ልጃቸውን ዳንቴን ወለዱ። ባለቤታቸው በ2003 በድንገት ሲያርፉ መምህርት ከአልጋ አልነሣ አሉ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፔርላ በየጠዋቱ እጃቸውን ይዘው ባሕር ዳር ለባሕር ዳር ሲያስኬዷቸው እንቅልፋቸውና የምግብ ፍላጎታቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሐዘን የጎዳውን ሰው ሁሉ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ “ጫማህን አድርግ፤ እየሄድን እናለቅሳለን” ይሉ ነበር።

በ2019 ቀኝ እግራቸው ይጎተት ጀመር። ስንፍና መስሏቸው ዳገቱን አበዙበት። ሕመሙ ግን ጡንቻን የሚያዝዘውን ነርቭ የሚገድል፣ ፈውስ ያልተገኘለት ነበር። ሐኪሙ፣ “ከእንግዲህ ራስዎን አያድክሙ፤ የሄደው ጉልበት አይመለስም” ሲላቸው፣ “እኔ የማውቀው መድኃኒት መድከም ብቻ ነው” አሉት።

አልጋ ላይ ሲውሉ ያሠለጠኗቸው ሯጮች ሊጠይቋቸው መጥተው አልጋውን ከበቡ። ያ ሁሉ ጉልበታም ሰው ምን እንደሚይዝ፣ ምን እንደሚያነሣ ጠፍቶት ቆመ። ሉዝቪሚንዳ ትራሱን አስተካከለች፤ መልሳ እንደ ነበረ አደረገችው።

ዳንቴ ግን ሥራውን ትቶ በየጠዋቱ እግራቸውን እያጠፈ ይዘረጋ ነበር። አንድ ቀን፣ “እማዬ፣ ይኼ ነገር ያድንሻል?” ሲል ጠየቃቸው።

“አያድነኝም። አንተ ግን አታቁም” አሉት። ብዙም ሳይቆይ አንደበታቸው ተያዘ።

መምህርት ሮሰንዳ በየካቲት 14 ቀን 2022 በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸው ዳንቴ፣ የልጅ ልጃቸው ኢሜልዲ፣ እንዲሁም እጃቸውን ይዘው ያስኬዷቸው ወይዘሮ ፔርላ በሐዘን ላይ ናቸው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያኑርልን። ዛሬ ጠዋትም በልማዱ ተነሥቶ ባዶው አልጋ አጠገብ ቆሞ ለተገኘው ልጃቸው መጽናናትን ይስጥልን።