ትርፍ ፀሐይ ሰጥተን ሌባ ስለተባልንበት ጉዳይ

ለተከበሩ የከተማችን ማዘጋጃ ቤት የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት ቢሮ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የኩዋማዶዳ ሰፈር ሰዎች ከመብራት በስተቀር ምንም አልጎደለብንም። የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ብርድ እንዳያስመታዎ፣ ከግቢዎ ጀርባ የሚያጓራው ጄኔሬተርም የቀን እንቅልፍዎን እንዳይረብሽ ዘወትር እንጸልያለን። ጸሐፊው ትምህርቱን ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ ስለሆነ ስሕተት ቢያገኙ ይለፉት፤ ስለ ኤሌክትሪክ የምንማር ዕለት መብራት ጠፍቶ መምህሩ ወደ ቤቱ ሄዷል።

እንደ ቢሮዎ ወግ አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አጎቴ ዝዌሊባንዚ። የጆሃንስበርግ የወርቅ ጉድጓድ ሳንባውን በአቧራ ሞልቶ መልሶልናል። አየር የሚያገኘው አልጋው አጠገብ ከቆመ የኦክስጅን ማሽን ነው፤ ማሽኑም ያለ መብራት አይሠራም። እርስዎ በፈረቃ ሲያጠፉ እሱም በፈረቃ እንዲተነፍስ ሞክረን ነበር፤ አልሆነለትም። መቼም ሽማግሌ አዲስ ነገር ለመልመድ ይቸግረዋል።

ሁለተኛ፣ ዕድራችን። የእኛ ዕድር ለሬሳ ሳጥን፣ ለድንኳንና ለሚታረደው በሬ እንጂ በቁሙ ላለ ሰው ቤሳ አያወጣም። ሰብሳቢያችን እትዬ ማምቶሎ ግን አባላቱን ጠርታ፣ «ይኼን ሰውዬ ነገ በሬ አርደን ከምንቀብረው ዛሬ ትንፋሽ ብንገዛለት ምን አለበት?» አለች። አንዳንዱ «ደንቡ ለሞተ ሰው ነው የሚለው» ብሎ ተከራከረ። «እሺ፣ እስኪሞት ቁጭ ብለን እንጠብቀዋ» ስትላቸው ሁሉም እጃቸውን አወጡ። የሬሳ ሳጥኑ ገንዘብ ሶላር ሆኖ ጣራችን ላይ ወጣ። አጎቴ በመስኮት አንጋጦ እያየ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «አንተ ሉንጊሳ… ሳጥኔን ጣራ ላይ ሰቀላችሁት እኮ» ብሎ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ሦስተኛ፣ ቆጣሪዎ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ከማሽኑ የተረፈው ኃይል በሽቦው ወደ መንገዱ መስመር መውጣት ጀመረ። ሶላሩን የተከለው ልጅ ሊዘጋው ፈልጎ ነበር፤ ማምቶሎ ናት «ተወው ልጄ፣ የተረፈ ለጎረቤት ይሻገራል እንጂ በር አይዘጋበትም» ያለችው። እኛ ሰፈር ከድስት የተረፈ ሁሉ በአጥር ላይ ነው የሚሻገረው። የእርስዎ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ግን መቁጠር እንጂ የሚገባውን ከሚወጣው መለየት አልተማረም፤ ከእኔም በታች ያቋረጠ ነው። የሰጠነውን ሁሉ እንደበላነው ቆጠረብን፣ የሞላነውን ካርድ ጨረሰ፣ በመጨረሻም «ተነካካሁ» ብሎ ከሰሰን። ሰዎችዎ መጥተው ሽቦውን ቆረጡ፤ የፀሐዩን ኃይል ለማሽኑ እንዲሆን የሚለውጠውን ኢንቨርተርም «ማስረጃ ነው» ብለው ጭነው ሄዱ። ስለ ፍጥነታቸው ከልብ እናመሰግናለን። መብራት ጠፋ ብለን ስንደውል መኪናቸው ጎማ አልነበረውም፤ ጎማው በመገኘቱ ደስ ብሎናል።

አራተኛውን ጎረቤት ቤት ተቀምጬ ስጽፍ መብራት ሄደ። እሱን ይለፉት።

አምስተኛ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ፣ «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ሌባ ናችሁ ካለ ሌባ ናችሁ» አለችኝ።

«እህቴ፣ ሰጥቶ የሚሄድ ሌባ የት አገር አይተሻል?»

«እሱን ለሲስተሙ ንገረው።»

«እሺ፣ የት ላግኘው?»

«ዛሬ ሲስተም የለም።»

ኮረብታው ላይ ለሚኖሩት ግን የሚገባና የሚወጣውን የሚለይ ቆጣሪ ተክላችሁላቸዋል፤ አዲሱ የታዳሽ ኃይል ታሪፍም ትርፋቸውን ይገዛላቸዋል። የእኛስ ተራ መቼ ነው ብላት «ገና በጥናት ላይ ነው» አለች። ፀሐይዋ ግን ያቺው አንዲቷ ናት። እንዲያውም እኛ ጋ ዛፍ ስለሌለ ታቃጥላለች።

አጎቴ አሁን የሚተነፍሰው ክሊኒኩ ባዋሰን ሲሊንደር ነው። ነርሷ እንዳለችው ቢበዛ እስከ ቅዳሜ ቢያደርሰው ነው። ኢንቨርተሩን ይመልሱልን፤ ሌላ ልመና የለኝም። ለሌብነቱ የሚታሰር ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ ሥራም የለኝ።

ጨለማ ውስጥ ሆኖም ለክብርዎ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳው፣
ሳይጠየቅ ኃይል አቅራቢዎ፣
ሉንጊሳ፣ የዝዌሊባንዚ የእህት ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ዕድሩ ትናንት ደግሞ ተሰብስቦ ነበር። እንደሚያውቁት እኛ ጋ ሬሳ ከመቀበሩ በፊት ቤቱ ገብቶ ያድራል፤ ሴቶቹም ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ያድሩለታል። አጎቴ ገና በሕይወት ስላለ ቸኩለው እንዳያለቅሱ። ምናልባት ግን ሲሊንደሩ ቢያልቅ፣ ቤታችን ጨለማ ስለሆነ፣ መብራት በማይጠፋበት በእርስዎ የደንበኞች አዳራሽ እንዲያድር ተወስኗል። ድምፅ ሲሰጥ አጎቴም እጁን አውጥቷል። ፍራሹን የት ጋ እንደምንዘረጋ ብቻ ለዘበኛው ይንገሩልን፤ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንገባለን።