ስሙ የማይጠራው ሥር

...አባባ አንተን ብቻ አስከትለው ጎህ ሲቀድ ሥር ሊምሱ ወደ ጉና ተራራ ሲወጡ፣ ከሰው አፍ ቃል ሳትሰሙ፣ እኔና ረሂማ ከደጃፍ ቆመን ስናያችሁ፣ ስትመለስም ጥፍርህ ውስጥ የገባውን አፈር እንዳናይብህ እጅህን ኪስህ ውስጥ—

ይቆየኝ። ሰላምታው ይቅደም። ወንድሜ ፈይሰል፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነህ? ራቢያስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ኢልያስስ? የአዲስ አበባ ክረምት እንዴት ይዟችኋል? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። አንጀቴ ግን እርር ብሏል።

ታናሻችን ረሂማ ሆስፒታል ተኝታለች። ዓይኗ እርድ መስሏል። ሲጀምራት ምግብ ዘጋት፣ ደከማት፤ ሌላ አልነበረም። አባባ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ያንን ሥር ወቅጠው በባዶ ሆዷ አጠጧት። አስመለሳት። «በሽታው እየወጣ ነው» ብለው ደገሟት። ከዚያ ወዲህ ሆዷ ተነፋ። አሁን ሰው መለየት እያቃታት ነው።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አባቴ፣ ቅጠላ ቅጠል ሁሉ መርዝ ነው አላልኩም። ጉበት የሚጠግን አለ፤ ጉበት የሚያቃጥልም አለ። የትኛውን እንደጠጣች ካላወቅሁ በጭፍን ነው የማክማት» አለቻቸው። አባባ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል። ከዚያ ወዲያ ማንንም አያድንም።»

አሁንስ ማንን አዳነ?

የሥሩን ስም ልጠይቅህ ስልክ ስደውልልህ «አደራ ነው» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። እህት የሚበላ አደራ ከየት መጣ? ለሴት ልጅ አይነገርም አላችሁ፤ ይሁን። ሴት ልጅ ግን ትጠጣዋለች!

አባባ ከሆስፒታሉ ቧንቧ ሥር እጃቸውን ሲታጠቡ ይውላሉ። ንጹሑን እጅ መልሰው መላልሰው። ምን እንደምላቸው አላውቅም። ለአንተ ግን የምለው አለኝ።

ስሙን መጥራት ካስፈራህ አትጥራው። ቅጠሉን ወረቀት ላይ ሳለውና በስልክ ላክልኝ። ሥዕል አይረክስም። ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ ጋሹ እጅህ ላይ ያደርሰዋል። እሱን እንደ ስልክ አትዘጋውም፤ ጋሹን ታውቀዋለህ፣ ሳትመልስለት ከደጅህ አይነሳም።

ራቢያን ሳምልኝ። ኢልያስን አክስትህን ናፍቀሃታል በለው፤ ተራው ሲደርስ ወደ ጉና ይዘኸው እንዳትወጣ። እናታችን «አይዞህ በይልኝ» ብላለች፤ እኔ አልልህም። ረሂማ ሰላምታ አልላከችም። አልቻለችም።

እህትህ ነጅሚያ
ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወረቀቱን ሳላጥፈው አባባ መጡ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው። እኔን አላዩኝም፤ ሐኪሟን ለብቻዋ ጠሯት። አንድ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነው። የጨበጡትን አላየሁም፤ አፈር ግን ከጋቢያቸው ይረግፋል። ተከታትለው ወደ ሐኪሟ ክፍል ገቡ። በሩ ተዘጋ።